ከቦስተን ስፓ የሚመጣው ፖስታ

በእኔ ዘመን በአዲስ አበባ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ቦስተን ስፓን ያውቃታል። አብዛኞቻችን በዓይናችን አይተናት አናውቅም። በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ የምትገኝ መንደር መሆኗን የተረዳነው ፖስታው ላይ ከሚነበበው አድራሻ ነው። ስሟ ግን ከአፋችን አይጠፋም ነበር። «ለቦስተን ስፓ ተላከ?» «ከቦስተን ስፓ መልስ መጣ?» ስንባባል እንውላለን። ተመራማሪው የሚፈልገው ጽሑፍ አገር ውስጥ ተፈልጎ ሲታጣ ቅጂውን በፖስታ የሚልክልን የብሪቲሽ ላይብረሪ ክፍል እዚያ ስለነበረ የመጨረሻዋ ተስፋ እሷ ነበረች።

የተቀጠርኩበት ክፍል «የሰነድ አቅርቦት» ይባላል። ተመራማሪው የጽሑፉን ርእስ ይዞ ይመጣል፤ እኛ ከያለበት ፈልገን እናቀርብለታለን። መጀመሪያ የራሳችንን መደርደሪያ እናያለን። ከሌለ ስልክ እንደውላለን፤ ስድስት ኪሎ ወዳለው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ ከብትና ስለ መኖ ከሆነ ሁላችንም ኢልካ ወደምንለው የእንስሳት እርባታ ምርምር ማዕከል፣ የሕክምና ከሆነ ወደ ጥቁር አንበሳ። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ቅጹንና ገጹን ከሰማ በኋላ መደርደሪያው ጋ ደርሶ እስኪመለስ እጀታውን ጆሯችን ላይ እንደያዝን እንጠብቃለን። ተገኘ ከተባለ ተላላኪያችን በአንበሳ አውቶቡስ ሄዶ ፎቶ ኮፒውን ይዞልን ይመጣል። የኮምፒውተር መረብ ሳይኖር የአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት እርስ በርስ የተሳሰሩት በእነዚያ ስልኮችና በእነዚያ ተላላኪዎች እግር ነበር። ስለ እነሱ የጻፈ ሰው ስላላገኘሁ እዚህ ላይ ስማቸውን ባልጠራም ውለታቸውን ልናገር።

ከከተማው ሲጠፋ ነው ባሕር የምንሻገረው።

ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ዋጋው ይህ ይሁን እንጂ ዶላሩ አይገኝም። የጆርናል ዓመታዊ ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ስለሚጠይቅ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ብዙዎቹ ጆርናሎቻችን አንድ በአንድ ተቋረጡ። በጨርቅ የተጠረዙት ቅጾች በዓመት በዓመታቸው ተሰድረው ይመጡና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ብረት ነው። ያንን ክፍተት የሚሞላልን ኩፖን ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ምንዛሪ ያጠራቸው አገሮች መጽሐፍና የምርምር ጽሑፍ እንዲገዙበት ያወጣው ኩፖን ነበረ፤ ቦስተን ስፓም አስቀድሞ የሚገዛ የራሷ ኩፖን ነበራት። የክፍላችን ኃላፊ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ኩፖኖቹን የሚያስቀምጡት ገንዘብ ያዡ ካዝና ውስጥ ነው። የጽሑፉ ገጽ ሲበዛ የሚከፈለው ኩፖንም ይጨምራል። አዲስ በገባሁ ሰሞን የሰጡኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ ሳታረጋግጥ ኩፖን አትንካ።»

ማረጋገጥ ማለት ተመራማሪው የያዘው መረጃ ትክክል መሆኑን ማጣራት ነው። ሰዎች ርእሱን ከሌላ ጽሑፍ የዋቢ ዝርዝር ላይ በእጃቸው ይገለብጣሉ። ሲገለብጡ ዓመቱ ይዛባል፣ ገጹ ይሳሳታል፣ የጆርናሉ ስም በምሕጻረ ቃል ይቀራል። የተሳሳተ ጥያቄ እንግሊዝ ደርሶ «በተሰጠው ቦታ አልተገኘም» ተብሎ እስኪመለስ የዘር ወቅት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የጽሑፎችን ጭማቂ በያዙ ትልልቅ የአጽሕሮት መጽሐፎች ላይ አጎንብሰን እንውላለን። የሙያችን ግማሽ እዚያ ላይ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከእነዚያ ጥያቄዎች የማልረሳው አንድ ወጣት የእጽዋት በሽታ ተመራማሪ ከደቡብ ይዞት የመጣውን ነው። ሥራው በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ ነበር። እንሰት ቆጮና ቡላ ሆኖ ዛሬ ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ የሚኖርበት ተክል ነው። አጠውልግ ሲገባበት ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ በሽታውን ይዞት ይሄዳል። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ አንድ ማሳ ሲጠፋ የቤተሰቡ የዓመታት ድካም አብሮ ይጠፋል።

ወጣቱ በያዘው ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈው ደራሲዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ፣ ጆርናሉ ፋይቶፓቶሎጂ መሆኑን ይናገራል። ዓመቱና ቅጹ ግን አይገጥሙም። የዓለምን የእጽዋት በሽታ ጽሑፎች በአጭር በአጭሩ እየጨመቀ ያወጣ የነበረውን ሪቪው ኦፍ አፕላይድ ማይኮሎጂን አውርደን ማውጫውን ዓመት በዓመት ገለጥን። አገኘነው፤ እ.ኤ.አ. 1968፣ ቅጽ 58፣ ከገጽ 111 እስከ 112። ሁለት ገጽ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ያ ቅጽ የለም። የደወልንላቸውም «የለንም» አሉን። የጥያቄ ቅጹን በጽሕፈት መኪና ሞላሁ፣ እትዬ ኩፖኑን ሰጡኝ፣ በአየር መልእክት ወጣ።

ከሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ። የዚያን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ወጣት ይኖራልና ልግለጸው። የተጠረዘ ቅጽ በመስተዋቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘረጋ በመሐሉ ጥቁር ጥላ ይቀራል፤ ከጥላው ጎን ያሉት ፊደሎች ወደ ውስጥ ጎብጠው ይጠፋሉ። ጥግ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም አለ። ከላዩ የተያያዘው ወረቀት ቅጂው ለግል ጥናት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ወጣቱ ወንበር ሳይስብ ቆሞ አነበበው፤ ሁለት ጸሐፊዎች የበሽታውን ባክቴሪያ ለይተው ዛንቶሞናስ ሙዛሴያረም ብለው የሰየሙበት ገጽ ነው። ከጥላው ውስጥ የጠፋውን ቃል ከዓረፍተ ነገሩ እየገመተ በእርሳስ ሞላ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይኼ እኮ እዚሁ አገር የተሠራ ሥራ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ተክሉ የእኛ፣ በሽታው እኛ ማሳ ላይ፣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የአገራችን ሰው። ጽሑፉ ግን አሜሪካ ታትሞ፣ እንግሊዝ ተደርድሮ፣ በኩፖን ተገዝቶ ነው ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው። ያ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ለአጭር ሥልጠና ወደዚያችው ቦስተን ስፓ ተላክሁ። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ዶናልድ ኧርኩሃርት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ አዋሽ ቤተ መጻሕፍት አድርገው ከፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1973 ብሪቲሽ ላይብረሪ ሲመሠረት ወደ እሱ ተጠቃለለ። ኧርኩሃርት ከሳይንሱ ዓለም የመጡ ሰው ነበሩ። የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ያለ ካታሎግ ቤተ መጻሕፍት አይታሰብም በሚሉበት ጊዜ እሳቸው ጆርናሎቹን በርእሳቸው የፊደል ተራ አስደርድረው ካታሎጉን ተዉት። ከጠያቂው የመጣው የጥያቄ ቅጽ ራሱ ሠራተኛውን እየመራ መደርደሪያው ጋ ያደርሰዋል። እኔ በካርድ ካታሎግ ተኮትኩቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሆኖም አሠራሩን ቆሜ ካየሁ በኋላ ትክክል መሆናቸውን አመንኩ።

አንዲት ልጅ የጥያቄ ቅጾች ጥቅል ይዛ በመደርደሪያዎቹ መካከል ትሄዳለች። ቅጹን ታያለች፣ ጥራዙን ታወጣለች፣ ቅጹን ገጹ ላይ ታጣብቃለች፣ ጋሪዋ ላይ ታስቀምጣለች፣ ታልፋለች። ጥቅሉን እንዳይ ፈቀደችልኝ። ከብራዚል የመጣ አለ፣ ከፖላንድ፣ ከናይጄሪያ፣ እዚያው እንግሊዝ ካሉ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ አለ፤ ሁሉም በአንድ ጥቅል፣ በአንድ ወረፋ። የጠያቂው ማዕረግ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ከኢትዮጵያዋ አረካ የተነሳ ጥያቄና ከኦክስፎርድ የተነሳ ጥያቄ እኩል የሚታዩበትን ቦታ በሕይወቴ ያየሁት እዚያ ነው። ስለዚህ ስለ ፎቶ ኮፒው ጥላና ስለ ፖስታው መዘግየት የሚወራውን ስሰማ፣ ያ ዘመን ይህን እኩልነትም ይዞ እንደነበረ ሊነገርለት ይገባል እላለሁ።

ከዚያ ሲዲ-ሮም መጣ። መቀመጫው ኔዘርላንድስ፣ ዋገኒንገን የነበረው ሲቲኤ የተባለ ተቋም ለአፍሪካ የግብርና ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሩንም የአጽሕሮት ዲስኮቹንም እየረዳ ያቀርብ ነበር። ሳምንት የሚፈጅ ፍለጋ በደቂቃ ማለቅ ጀመረ። ተመራማሪዎች ወረፋ ይዘው፣ የፈለጉትን ቃል አስገብተው፣ በሚንጫረረው ፕሪንተር ሜትር የሚረዝም ዝርዝር አሳትመው ይሄዳሉ። ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ርእስና አጽሕሮት እንጂ ሙሉ ጽሑፉ አይደለም። ድሮ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ይዞ ይመጣ የነበረ ሰው አሁን ሠላሳ ላይ ምልክት አድርጎ ይመጣል። በጀቱ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ በ1985 ዓ.ም. መስከረም የብር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወርድ እያንዳንዷ ቅጂ በብር ስትታሰብ ዋጋዋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሰዎቹ ዝርዝራቸውን እያዩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሉን ነበር። ሠላሳውን ወደ አምስት ቀንሱ ማለት የእኔ ሥራ ሆነ፤ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ የለም። የትኛው ጽሑፍ እንደሚጠቅም ተመራማሪው ራሱ ሳያነበው እንዴት ይወቅ?

ኢሜል የደረሰን ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ በአፍሪካ አዳራሽ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሰዎች በስልክ መስመር መልእክት የሚለዋወጡበትን መንገድ ከፍተው ነበር። ለአፍሪካ ሐኪሞች ደግሞ ሄልዝኔት የተባለው አገልግሎት ዝቅ ብላ ምድርን በምትዞር ትንሽ ሳተላይት መልእክት ያደርስ ነበር፤ ሳተላይቷ በላያቸው ስታልፍ የመጣውን ይቀበላሉ፣ የሚሄደውን ይሰጧታል። በ1989 ዓ.ም. ጥር ቴሌ ኢንተርኔት ሲጀምር ጥያቄያችን በዕለቱ እንግሊዝ መድረስ ቻለ። መልሱ ግን አሁንም ወረቀት ነው፣ አሁንም በፖስታ። ቀጥሎ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 ቲአል ብሎ ከ100 በላይ የግብርና ጆርናሎችን ሙሉ ጽሑፍ በሲዲ ለድሃ አገሮች ቤተ መጻሕፍት አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ስፓም ቅጂውን በኢሜል መላክ ጀመረች፤ ነገር ግን አሳታሚዎች እንዳይባዛ ስለፈሩ ፋይሉ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። አንዴ ብቻ ይታተማል። ፕሪንተራችን ወረቀት ቢነክስ ወይም መብራት ቢጠፋ ያ ዕድል አለፈ ማለት ነው። ስንከፍተው እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትልቁ ለውጥ ሂናሪ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ከ6 አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ 1,500 ገደማ የሕክምና ጆርናሎችን ለድሃ አገሮች በነጻ ወይም እጅግ በትንሽ ዋጋ ከፈተ። በዓመቱ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በግብርናው መስክ አጎራን አስከተለ፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት ወገን ሆነች። የይለፍ ቃሉን አስገብቼ የዚያን ሳምንት እትም ሙሉ ጽሑፍ ስከፍት፣ ጥላ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ካዝና አይፈልግ፣ እንባዬ መጣ። የኩፖኗን ዋጋ የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳ ይችላል። ጅማና ጎንደር ያለው ሐኪም አዲስ አበባ ካለው እኩል ማንበብ ቻለ። የእኛ ጠረጴዛ እየቀለለ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ጥያቄ ታስተናግድ የነበረችው ቦስተን ስፓም ጥያቄዋ ዓመት በዓመት ቀነሰ። ሥራዬ በመቅለሉ አላዘንኩም፤ ለዚያ ነበር የደከምነው።

ሆኖም አንድ ነገር ሳይታወቀን ተለወጠ። በኩፖን የተገዛችው ወረቀት የእኛ ነበረች፤ ፋይል ውስጥ ገብታ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ያነባታል። በይለፍ ቃል የሚከፈተው ጆርናል ግን እኛ ዘንድ አይደለም፤ ባለቤቱ በሩን እስከተወልን ድረስ ብቻ ነው የምናየው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ አሳታሚዎች በባንግላዴሽ ከ2,000 በላይ ጆርናሎችን ከሂናሪ ሲያነሱ የዚያ አገር ተመራማሪዎች በማግስቱ የሚያነቡት አጡ። ዓለም ከጮኸ በኋላ ተመለሰላቸው። እኛም በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ያውም በኮሮና ወቅት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ የኤሌክትሮኒክ መደርደሪያችን በሙሉ ጨለመ። ኤሌክትሮኒኩን መቃወሜ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት የሚያበድረው የራሱ ነገር ያስፈልገዋል ማለቴ ነው። የእኛው የራሳችን ነገር ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ሳይሆን እዚሁ የተጻፈው ነው።

ይህን በደንብ ያስተማረኝ ያው የእንሰቱ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አጠውልግ ዩጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ታየ። ከዚያም ወደ ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያና ኬንያ ተስፋፋ። ዩጋንዳ ሙዝ ዋና ምግባቸው የሆነ ሕዝብ ያለባት አገር ናት፤ ስለ በሽታው ለብዙ ዓመታት የተጠናው ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ዩጋንዳ ከሚሠራ ተመራማሪ ኢሜል መጣልኝ። የ1968ቱን ሁለት ገጽ አግኝቶታል። የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ገበሬዎች ቢላዋቸውን በእሳት እንዲያጸዱ የተደረገበት ሙከራ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ የእንሰት ዝርያዎች ዝርዝር፣ የምርምር ጣቢያዎች ዓመታዊ ሪፖርት። እነዚህ ጆርናል ላይ አልወጡም። በጽሕፈት መኪና ተጽፈው፣ በስቴንስል ተባዝተው፣ ቢበዛ በጥቂት ቅጂ የቀሩ ናቸው።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂው እነሱ፣ አቅራቢው እኔ ሆንኩ። ፈለግሁ። እኛ መጋዘን ውስጥ በካርቶን ታስረው የተቀመጡ አገኘሁ፤ ስቴፕሉ ዝጎ ወረቀቱን በልቶታል፣ ሆኖም ይነበባሉ። ስካን አድርጌ ላክሁ። አንዱን ሪፖርት ፍለጋ ግን አዘጋጁ ይገኝበት የነበረው ጣቢያ ጋ ደወልኩ፤ ቢሮው ሲዛወር «አሮጌ ወረቀት» ተብሎ ተቃጥሏል አሉኝ። ሌላ ቅጂ በየትም አልተገኘም። የስንት ወቅት መረጃ፣ የስንት ገበሬ ማሳ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። ጎረቤታችን ማሳው እየጠወለገ ይጠብቀን ነበር፤ እኛ የያዝነውን ጠብቀን አልሰጠነውም። በዚህ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

አሁን ያ ሁኔታ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አገር አቀፍ ፖሊሲ በዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ቢሆን፣ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም የተማሪዎቻቸውን ጽሑፍ በኢንተርኔት ያስነብባሉ። ፖሊሲው የሚደርሰው ግን እሱ ከወጣ ወዲህ ለሚጻፈው ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው አሁንም በየጣቢያው ቁም ሣጥን፣ በየጡረተኛው ቤት፣ በየሟቹ ሻንጣ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በእርሻ፣ በጤና፣ በውሃ ወይም በትምህርት መሥሪያ ቤት ያገለገላችሁ፣ ወይም ያገለገለ አባትና እናት ያላችሁ፣ እባካችሁ ዕቃ ቤታችሁን እዩ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመስክ ሪፖርት፣ የሙከራ ውጤት ካገኛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውሰዱት። ማን እንደጻፈው፣ የት ጣቢያና በየትኛው ዓመት እንደተሠራ በላዩ ላይ ጻፉበት፤ ቀኑን ሙሉ ስንፈልገው የምንውለው እሱን ነው። ስካነር ባይኖራችሁ ወረቀቱን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ።